በቅሎና ጭብጦ፤ ስለ መኪና ማቆሚያ መቀጫና ስለ አቤቱታ አቀራረብ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ ስለ ሕግ ከተጻፉት ብዙ ገጾች ይልቅ አንድ ነገር አሳጥሮ ያስረዳል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን ለመንገድ የተያዘች ትንሽ ስንቅ ናት። ሆኖም ዳኛ ሁለቱን ወገን ሰምቶ፣ ማስረጃውን መርምሮ፣ በቅሎዋ ለባላጋራህ ትገባዋለች ብሎ ቢፈርድ ባለበቅሎው አዝኖ ይሄዳል እንጂ አይበግንም። ያችን ትንሽ ጭብጦ ግን ጉልበተኛ ሳይጠይቅ ቢነጥቀው፣ ሰውዬው የሚቆረቆረው ስለ እህሉ ሳይሆን ስለ ተደፈረው መብቱ ነው።

በዛሬው ዘመን ይህችን ጭብጦ የሚመስል ነገር ቢፈለግ፣ ያለ ቦታው ስለ ቆመ መኪና የሚከፈለው መቀጫ ሳይሻል አይቀርም። ከርስት ክርክርና ከደም ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው በዕድሜው ከመንግሥት የቅጣት እጅ ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው በዚህች ትንሽ ወረቀት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በማዘጋጃ ቤት ወይም በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣትም፣ በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ «ይሁን» ወይም «አይሆንም» ማለትን የሚለማመደው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለው ትንሽ ጉዳይ ነው። በትንሹ የለመደውን በትልቁ ይደግመዋልና፣ ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ዳንግላና መንገዷ

ዳንግላ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የአዊ ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺስማን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንሲል ሆኖ የተቀመጠው በዚህች ከተማ ነበር። ጣናን ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ያየውን ሁሉ በ1936 በታተመው መጽሐፉ የተረከው ይህ ሰው፣ አገሩን ያካለለው በአብዛኛው በበቅሎና በእግር ነው። በዚያን ጊዜ በዳንግላ «እዚህ ማሰር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አላስፈለገም፤ በቅሎ የሚታሰርበት ግንድና አጥር ሞልቶ ነበርና።

ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋናው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ዳርና ዳር አውቶቡሱ፣ ኢሱዙው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ እህል የጫነው አህያና እግረኛው ሁሉ ቦታ ይሻማሉ። ባለሱቁ ጭነቱ በደጁ እንዲራገፍለት ይፈልጋል፤ ተሳፋሪው መናኸሪያ ሳይደርስ መውረድ ያምረዋል፤ ሾፌሩም «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ ያቆማል። የአንዱ ደቂቃ በአሥር ሰው ሲባዛ መንገዱ ይዘጋል። በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ ሊያልፍ ያልቻለ እንደ ሆነ፣ የዚያች ደቂቃ ዋጋ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቀጫ መኖሩ ግፍ አይደለም። መንገድ የጋራ ሀብት ነው፤ የጋራ ሀብት ሥርዓት ካልተበጀለት የጉልበተኛ ይሆናል።

ሥርዓቱም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 የ1937 ዓ.ም. ነው። ወደ ቅርቡ ስንመጣ ደግሞ፣ ስለ መንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208 አውጥቶ፣ የሾፌሮችን ጥፋት በየደረጃው ከፍሎ መቀጫ ወስኗል። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ የመቀጫውም ልክ ተለውጧል። እንግዲህ ሕግ አለ፣ ቀጪም አለ። ጥያቄው የተቀጣው ሰው «ተሳስታችኋል» ወይም «እዘኑልኝ» ለማለት በየትኛው በር ይግባ የሚለው ነው።

አቤት የማለት ልማድ

ኢትዮጵያዊ አቤት ማለትን ከማንም አልተማረም። የተበደለ ሰው በንጉሥ ደጅ ቆሞ፣ ወይም ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ጠብቆ «አቤት! አቤት!» ሲል ይጮህ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በየችሎቱ የተሸነፈ ሰው «ይግባኝ» እያለ ከዳኛ ወደ ዳኛ ይወጣ ነበር፤ መጨረሻው የዙፋን ችሎት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው በጽሑፍ አጽንቶት ነበር። የዙፋኑ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲወርድ ይህ ችሎት አብሮ አለፈ። አቤት የማለቱ መብት ግን አላለፈም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን፣ በአንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘትን መብት ለሰው ሁሉ ሰጥቷል።

በዚህ ረጅም ልማድ ውስጥ አባቶቻችን ሁለት ነገር ለይተው ያውቁ ነበር። መብቱን የሚጠይቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ነገሩን በሥርዓት ይናገራል። ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ የሚለምን ሰው ግን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይከራከርም፤ የሚከራከርም ሰው ድንጋይ አይሸከምም። «ይግባኝ» የሚለው ቃል «ይገባኛል» ከሚለው ጋር ወንድማማች ሲሆን፣ «ማሩኝ» የሚለው ግን ከሌላ ቤት የመጣ ነው።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀርቡት ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ይህን ልዩነት ስለሚዘነጉ ነው። አንዱ አመልካች በመጀመሪያው መስመር «ፈጽሞ አላጠፋሁም» ይልና፣ በአራተኛው መስመር «ጥፋቴን አምኜ ምሕረት እለምናለሁ» ይላል። ይህን ያነበበ ሹም በየትኛው ይመን? ካላጠፋ ምሕረት አያስፈልገውም፤ ካጠፋም የመጀመሪያው ቃሉ ሐሰት ሆነ። ሁለት በር ባንድ ጊዜ ለመግባት የሞከረ ሰው በግድግዳው ይጋጫል።

በሥርዓት በኩል የሚገባው አቤቱታ

የመጀመሪያው በር የሥርዓት በር ነው። በዚህ የሚገባ ሰው «ቅጣቱ የተጣለብኝ ሕግ ባዘዘው መንገድ አይደለም» ይላል። ይህን ለማለት ግን ቁጣ ሳይሆን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የቅጣቱን ወረቀት ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ብሩን ብቻ አይቶ፣ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ነገር ግን የሰሌዳው ቁጥር የእርሱ ነውን? ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏልን? መኪናው የቆመበት ቦታ ተለይቶ ተጠቅሷልን? ወይስ «ዳንግላ፣ ዋናው መንገድ» ተብሎ ብቻ ታልፏል? ዋናው መንገድ ከከተማዋ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የሚደርስ ነውና፣ እንዲህ ያለው አጻጻፍ የት እንደ ቆመ አያስረዳም። የተጣሰው የደንቡ ክፍልስ ተገልጧልን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2፣ የተከሰሰ ሰው ክሱ በቂ በሆነ ዝርዝር እንዲነገረውና በጽሑፍ እንዲያገኘው መብት ሰጥቶታል። ይህ ለከባድ ወንጀል ክስ የተጻፈ ቢሆንም መንፈሱ ለትንሹም ይጠቅማል፤ ምን እንዳጠፋ ያልተነገረው ሰው ከጥፋቱ ሊመለስ አይችልምና።

ሁለተኛው ምልክቱ ነው። ቦታው የተከለከለ መሆኑን የሚያሳየው ሰሌዳ በዚያን ቀን ቆሞ ነበርን? ዛፍ አልሸፈነውምን? መኪና ገጭቶ አልጣለውምን? በመንገዱ ላይ የተቀባው መስመርስ ይታያልን? ነገ ሰሌዳው ሊተከል፣ ቅርንጫፉም ሊቆረጥ ይችላልና፣ ዛሬ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ነገ ከሚቆጠር አሥር ምስክር ይበልጣል። ሆኖም ሰሌዳ ባይኖርም በሕጉ በጠቅላላው የተከለከለ ቦታ እንዳለ አይዘንጋ። በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ያቆመ ሾፌር «ሰሌዳ አላየሁም» ቢል አያዋጣውም፤ ይህን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተምሮታልና።

ሦስተኛው የቀጪው ሥልጣንና ደረሰኙ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ይህን ለማድረግ የተሾመ መሆን አለበት። ገንዘቡም የሚከፈለው በታወቀው ቦታና በሕጋዊ ደረሰኝ ነው። ያለ ደረሰኝ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ገንዘብ መቀጫ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው። ሰጪውም ተቀባዩም በዚያ ስም ይጠየቁበታል።

አራተኛው ዘመኑ ነው። ደንብ ሲሻሻል የመቀጫው ልክ ይለወጣል። ስለዚህ ሰውየው የተቀጣው መኪናውን ባቆመበት ቀን በጸናው ደንብ መሆኑን ማየት ይገባል። ስለ አንድ አቋቋም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ወረቀት ተጽፎበት እንደ ሆነም ይህን ማመልከት መብቱ ነው።

አምስተኛው ቋንቋው ነው። በአዊ ምድር አውኚ ተናጋሪው ብዙ ነው። በተለይ ከገጠር ጋሪ ወይም ባጃጅ ይዞ የመጣ ሰው አማርኛውን ለገበያ ያህል ቢያውቀውም፣ የሕግ ቃል ግን ሊከብደው ይችላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ሕገ መንግሥቱ በዚያው በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ደንግጓል። ያልገባውን ነገር «አዎን፣ አዎን» ብሎ ከመፈረም «በቋንቋዬ ይነገረኝ» ማለት ይሻላል፤ ይህም ነውር አይደለም።

በርኅራኄ በኩል የሚገባው አቤቱታ

ሁለተኛው በር የርኅራኄ በር ነው። በዚህ የሚገባ ሰው «ማቆሙን አቁሜአለሁ፤ ነገር ግን ያቆምሁበት ምክንያት ይታይልኝ» ይላል።

የዚህን ነገር ጥሩ ምሳሌ ለማግኘት ወደ ውጭ አገር መለስ ብለን እንይ። በዓለም የመጀመሪያው ሳንቲም እየበላ የማቆሚያ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ የተተከለው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በሐምሌ 1935 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በመሣሪያው ምክንያት መጀመሪያ የተያዙት ሰው ኖርዝ የተባሉ ቄስ ነበሩ። እርሳቸውም «ለመሣሪያው የምከፍለውን ሳንቲም ልዘረዝር ወደ ሱቅ ገብቼ ነው» ብለው አስረዱና ቅጣቱ ተነሣላቸው። እንግዲህ መሣሪያውና አቤቱታው መንታ ሆነው ተወልደዋል ማለት ይቻላል።

በለንደን የሆነው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። በዚያች ከተማ የማቆሚያ ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ ሥራ የጀመሩት በመስከረም 1953 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የቅጣት ወረቀት የደረሳቸው ቶማስ ክራይተን የተባሉ ሐኪም ነበሩ። በአንድ ሆቴል ውስጥ ልቡ የታመመ ሰው ለመርዳት ተጠርተው፣ መኪናቸውን በደጅ ትተው ሲገቡ የ2 ፓውንድ መቀጫ ተጻፈባቸው። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ አጉረመረመ፤ በኋላም ቅጣቱ ተሰረዘላቸው። ተቆጣጣሪው ሥራውን አላጠፋም፤ እርሱ ያየው ባዶ መኪና ነው። ሐኪሙም አላጠፉም፤ እርሳቸው ያዩት የሚሞት ሰው ነው። በሁለቱ መካከል የጎደለው የሁለቱንም ወገን ነገር የሚያይ ሦስተኛ ዓይን ነበር። አቤቱታ ማለት ይህ ሦስተኛ ዓይን ነው።

ይህን ወደ አገራችን ብንመልሰው፣ በዳንግላ አንድ የባጃጅ ሾፌር ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሶ፣ ደግፎ ሊያስገባት በተከለከለ ቦታ አቁሞ ወረደ እንበል። ሲመለስ ወረቀት ተጽፎ ቆየው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ምሕረት ይለምናል። ነገር ግን ልብ ይሏል! በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 75፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ ከማይችል ከባድና ደራሽ አደጋ የራሱን ወይም የሌላውን መብት ለማዳን ሲል ድርጊቱን የፈጸመ ሰው እንደማይቀጣ ይናገራል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሾፌር የሚጠይቀው ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ያሰበለትን ነገር ነው። ድንጋይ የተሸከመው በከንቱ ነው። ሴቲቱ ከገባች በኋላ ግን በዚያው ቆሞ ቡና ሲጠጣ አንድ ሰዓት ያሳለፈ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። አደጋው ካለፈ ምክንያቱም አልፏልና።

እውነተኛው የርኅራኄ ጉዳይ የሚባለው ሕግ የማያስገድደው፣ ነገር ግን ሰብአዊ ልብ የሚረዳው ነው። የአባቱን ሞት በስልክ ሰምቶ መኪናውን ባለበት ጥሎ ወደ ለቅሶ የሮጠ ሰው፣ በሕመም ምክንያት መራመድ የማይችሉ አሮጊት እናቱን በደጅ ያወረደ ልጅ፣ ሞተሩ ጠፍቶበት ገፍቶ ማንቀሳቀስ ያቃተው ሾፌር፣ መቀጫውን ቢከፍል የልጆቹ የሳምንት ቀለብ የሚጎድልበት የቀን ሠራተኛ በዚህ ይቆጠራሉ። ስለ መጨረሻው ዓይነት ሰው የወንጀል ሕጉ ያለውን ማስታወስ ይጠቅማል። ፍርድ ቤት የመቀጮን ልክ ሲወስን የጥፋተኛውን ገቢ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱን፣ ዕድሜውንና ጤንነቱን እንዲመለከት አንቀጽ 90 ያዝዛል፤ ለሚገባውም ሰው የመክፈያ ጊዜ መስጠትና ከፋፍሎ ማስከፈል አለ። በመንገድ ላይ የሚጻፈው መቀጫ አስቀድሞ የተቆረጠ ሆኖ ለዚህ ዓይነት ምርመራ አይመችም። ቢሆንም አቤቱታውን የሚመለከተው ሹም የሕጉን መንፈስ ቢከተል ከሕግ አይወጣም።

ዘመድ የሌለው ሰው አማላጅ

በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ዕድሩ ሁሉ በዚህ ይቆማል። ነገር ግን በቅጣት ጉዳይ ላይ በረከቱ ወደ አድልዎ ሊለወጥ ይችላል። የተቀጣው ሰው የሹሙ አበልጅ ወይም የአገሩ ልጅ ከሆነ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ነገር ይመልከቱልኝ» ብሎ አንድ ጊዜ ስልክ ይደውላል፤ ወረቀቱም ይቀደዳል። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ሲያልፍ የተያዘው የኢሱዙ ሾፌር ግን በዳንግላ አጎትም አማችም የለውም። የበለጠ ምክንያት ኖሮት እንኳ ይከፍላል። ይህ ርኅራኄ አይደለም። ርኅራኄ መልኩ ለማይታወቀው ሰው ካልደረሰ የዝምድና ሌላ ስሙ ነው።

ስለዚህ በጽሑፍ የቀረበ ማመልከቻ ዘመድ የሌለው ሰው አማላጅ ነው ሊባል ይገባዋል። በመዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ግልባጩ በአመልካቹ እጅ የቀረ ወረቀት በቀላሉ አይቀደድም።

ማመልከቻውም ረጅም እንዲሆን አያስፈልግም። የራፖር ጸሐፊዎች አንዳንድ ጊዜ ከኖኅ ዘመን ይጀምራሉ፤ ሹሙ ግን ጉዳዩን እስኪያገኘው ይሰለቻል። የሥርዓት አቤቱታ የሆነ እንደ ሆነ ይህን ያህል ይበቃል፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ አቁመሃል ተብዬ የቅጣት ወረቀት ተጽፎብኛል። በወረቀቱ ላይ ያለው የሰሌዳ ቁጥር የእኔ መኪና አይደለም። የወረቀቱንና የመኪናዬን ሊብሬ ግልባጭ አያይዣለሁ። ስለዚህ ቅጣቱ እንዲሰረዝልኝ፣ የማይሰረዝም ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጥልኝ አመለክታለሁ።»

የርኅራኄ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «በተከለከለ ቦታ ማቆሜን አልክድም። ያቆምሁት ግን መራመድ የማይችሉትን በሽተኛ እናቴን ወደ ጤና ጣቢያ ለማስገባት ነው። ጤና ጣቢያው የሰጠኝን ማስረጃ አያይዣለሁ። ይህ ታይቶ ምሕረት እንዲደረግልኝ፣ ምሕረት የማይቻል ከሆነም የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ።» በሁለቱም ደብዳቤዎች ስድብ የለም፤ ልቅሶም የለም። ያለው ቀን፣ ቦታ፣ ማስረጃና ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ምክንያት ያለው ሰው እንኳ ቢኖር፣ «በመጀመሪያ ሥርዓቱ ይታይልኝ፤ ይህ ባይቀበሉኝ ደግሞ ስለ ርኅራኄ» ብሎ ለየብቻው ይጻፍ እንጂ አያደባልቅ።

ቀን ማሳለፍ ደግሞ ትልቅ ጠላት ነው። አንዳንድ ሰው አይከፍልም፣ አያመለክትምም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ እውነተኛ ምክንያት እንኳ ሰሚ ያጣልና። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔ ካገኘ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 187 ይግባኝ ባይ በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ፣ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ወስኗል። መሰላሉ ከወረዳው ፍርድ ቤት ወደ ብሔረሰብ አስተዳደሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይወጣል። በመሥሪያ ቤት በኩል የአስተዳደር በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው ደግሞ፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ወደ ተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያለ ክፍያ ሊያመለክት ይችላል። ነገር ግን ለአንድ የማቆሚያ መቀጫ ይህን ሁሉ ደረጃ መውጣት ከመቀጫው የበለጠ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል። የነገሩ ፍሬ መጀመሪያ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ እንዲያልቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ላለው ወጣት

ወደዚያ ጠረጴዛ እንምጣ። በወዲያ ማዶ የተቀመጠው ወጣት ሹም ማመልከቻ ሲደርሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ አይደለም። «የመጣው በየትኛው በር ነው?» ብሎ ነው። በሥርዓት በር የመጣውን ሰው «ይሁን፣ ዛሬስ ምሬሃለሁ» ብሎ መመለስ ምንም ቸርነት ቢመስል ስድብ ነው። ሰውየው መብቱን ሲጠይቅ ምጽዋት ሰጠው ማለት ነው፤ በወረቀቱ ላይ የነበረውም ስሕተት ሳይታረም ይቀራል፤ ነገ ሌላውን ሰው ይመታል። በርኅራኄ በር የመጣውን ደግሞ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብሎ ብቻ ማሰናበት በር ዘግቶ በመስኮት እንደ ማነጋገር ነው። ሕጉን ሰውየው አልካደምና።

በእንግሊዝ አገር በ2004 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በወጣው የትራፊክ ሕግ መሠረት ይህ ልዩነት በግልጥ ተሠርቶበታል። በከተማው ምክር ቤት የተቀጣ ባለመኪና መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ያመለክታል፤ ካልረካ ነጻ ወደ ሆነ የትራፊክ ዳኛ ይሄዳል። ዳኛው ሥርዓት ተጥሶ ወይም ጥፋት ሳይኖር ተቀጥቶ ካገኘው ቅጣቱን ይሰርዛል። ነገሩ የርኅራኄ ብቻ ከሆነ ግን ራሱ አይሰርዝም፤ በቂ ምክንያት ካየ «ደግማችሁ አስቡበት» ብሎ ለምክር ቤቱ ይመልሰዋል። ሕግ ከዳኛ ይጠየቃል፤ ምሕረት ግን ከቀጪው ይጠየቃል ማለት ነው። ከዚህም ሁሉ የሚደንቀው፣ ምክር ቤቱ ለባለመኪናው መደበኛ ማመልከቻ በ56 ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ ማመልከቻውን እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። የሹሙ ዝምታ ለአመልካቹ ይፈረድለታል። «ነገ ተመለስ» የሚባለው ቃል በዚያ ዋጋ ያስከፍላል።

በአገራችንም ወደዚህ የሚያመራ ሕግ ወጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183፣ መሥሪያ ቤቶች ውሳኔ ሲሰጡ ባለጉዳዩን እንዲሰሙ፣ ከአድልዎ እንዲርቁ፣ ምክንያታቸውንም በጽሑፍ እንዲገልጡ ያዝዛል፤ ባልረካ ጊዜም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ከፍቷል። አዋጁ የተጻፈው ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ አስተዳደሮች ስለ ሆነ በዳንግላ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አይጸናም። ነገር ግን ጥሩ ልማድ ለመያዝ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ማመልከቻውን መዝግቦ መቀበል፣ የመልሱን ቀን መቁረጥ፣ የቀጣውን ሰው ቃል ጠይቆ ማየት፣ ሁለት መስመር ምክንያት ጽፎ መፈረም በጀት አይጠይቅም።

በተለይ ምሕረት ያደረገ ሹም ምክንያቱን ይጻፍ። ያልተጻፈ ምሕረት ሁለተኛ ጊዜ ለሌላ ሰው አይደርስም። «በሽተኛ ለማድረስ መቆሙ በጤና ጣቢያ ማስረጃ ስለ ተረጋገጠ ቅጣቱ ተሰርዟል» ብሎ የጻፈ ሹም ግን፣ ነገ ተመሳሳይ ማስረጃ ይዞ ለሚመጣው እንግዳ መንገድ ጠርጎለታል። የከለከለም ሹም እንዲሁ ይጻፍ። ምክንያቱን አንብቦ የተከለከለ ሰው ይከፍላል፤ ምናልባትም ነገ ከተከለከለ ቦታ አያቆምም። ምክንያቱን ሳያውቅ የተከለከለ ሰው ግን ከፍሎ እንኳ አልተቀጣም፤ ተነጠቀ እንጂ።

መቀጫው ለመንግሥት የሚያስገባው ገንዘብ ጥቂት ነው። ከዚያ ወረቀት ሕዝቡ የሚማረው ግን ብዙ ነው፤ ወይ ሕግ ለሁሉ አንድ መሆኑን ይማራል፣ ወይም ስልክ የሚደውልለት ዘመድ መፈለግ እንዳለበት ይማራል። ከሁለቱ የትኛውን ትምህርት እንደሚያስተምር የሚመርጠው በዚያች ትንሽ ማመልከቻ ላይ ብዕሩን የሚያሳርፈው ሰው ነው።